የፋውስቲኖ ሚትራ

ጋርዶኔ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1947

ለተከበሩ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደረትዎን እንዴት አደረገዎት? የክሬሞና ጭጋግ ለሳል አይሆንም ይላሉ፤ ልጅዎ በማለዳ መስኮት እንዳትከፍትብዎ ይንገሯት። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲመጣ ጣቶቼ ይደርቁብኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም፤ ሞረድ ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ እኮ። ቤትዎን በየሁለት ሳምንቱ እየከፈትኩ አናፍሰዋለሁ። ጣሪያው አያፈስም። የወይኑን ሐረግ የጎረቤት ፍየል ቆረጣጥማዋለች፤ ሥሩ ግን አልተነካም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምክር ቤቱ ድልድዩ ላይ ለፋውስቲኖ የእብነ በረድ ጽላት ሊያቆምለት እንደሆነ፣ ለሜዳልያውም የሚስት ምስክርነት እንደሚያስፈልግ ነግረውኛል። ከታች ደግሞ «ያቺ መሣሪያ ምን ነክቷት ነው ልጄን የከዳችው? አንቺ እኮ በሸለቆው ካሉት ሴቶች ሁሉ እጅሽ የተመሰከረለት ነሽ» ብለው ጠይቀውኛል።

ምስክርነቱን ጽፌያለሁ፤ ከዚህ ጋር ታጥፎ ያገኙታል። ጥያቄዎን ግን በአንድ መስመር ልመልሰው ብሞክር እምቢ አለኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ብያለሁ። አሁን መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ ልጅዎን ግን እንድታነብልዎ አይስጧት።

ፋብሪካ ስገባ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቺ አጭር መትረየስ መጣች፤ እኛ ሚትራ የምንላት። ያኔ እንደ ሙሽራ ነበር የምንኩላት። አፈሙዟ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የብረት እጅጌ ተሸፍኖ፣ ሰደፏ በዘይት ታሽቶ፣ እያንዳንዷ ብረት ፊት እስክታሳይ ተወልውላ። ምላጯ ሁለት ነበር፤ የፊተኛው አንድ አንድ የሚተኩስ፣ የኋለኛው ጣት እስኪነሳለት የሚያዘንብ። የመጀመሪያዎቹን ሣጥኖች ስናሽግ በላያቸው «ለአፍሪካ ፖሊስ» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። ማን ላይ እንደሚተኮስባቸው አንዳችንም አልጠየቅንም። አለቃዬ ቦርቶሎ፣ ሞረድ አያያዝ ያስተማረኝ ሽማግሌ፣ «እዚያ ያለው ሰው ገና ድምጿን ሲሰማ ነው የሚሮጠው» ብሎ ቀለደ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

ጦርነቱ ሲከፋ ልብሷን እያወለቁላት ሄዱ። መጀመሪያ የአፈሙዙ እጅጌ ቀረ። ቀጥሎ ከወፍራም ብረት ይጠረብ የነበረው ገላዋ ከቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ መውጣት ጀመረ። መወልወሉም ቀረ። ቦርቶሎ አንዷን በእጁ አገላብጦ አየና፣ «ራቁቷንም ሆና ትገድላለች። ጌጡ ለእኛ ኩራት ነበር እንጂ ለእሷስ ምን ሊያደርግላት» አለ።

የእኔ ሥራ ጥፍሯ ነበር። ጥፍር የምንላት ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀለሃ ይዛ ስባ የምታወጣውን ብረት ነው፤ ከትንሿ ጣት አትበልጥም። እሷ ከተሰበረች ቀለሃው እዚያው ተወትፎ ይቀራል፣ መሣሪያው ከዱላ አይሻልም። ጥፍሯ መጀመሪያ ቀይ እስክትሆን በእሳት ግላ ዘይት ውስጥ ትነከራለች። ያኔ ትጠነክራለች፤ ግን ጥንካሬዋ የብርጭቆ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ እሳት ያስፈልጋታል፤ በቀስታ፣ ሰማያዊ እስክትሆን። ጀርመኖቹ መጥተው ፋብሪካውን ከያዙ ወዲህ እኛ ሴቶቹ ከአሥሩ ሁለቱን ሁለተኛውን እሳት እንነፍጋቸው ጀመር። መሣሪያዋ በፈተናው አሥር ጥይት በደንብ ትተኩሳለች፤ ጀርመኑ ተቆጣጣሪ ማኅተሙን ይመታባታል። ከዚያ በሃምሳኛው ይሁን በመቶኛው፣ አንድ ቦታ ላይ ቋ ትላለች። የትና በማን እጅ እንደሆነ አናውቅም። ብናውቅ ኖሮ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፋውስቲኖ ተራራ ወጥቶ ከአርበኞቹ ጋር ሲቀላቀል ባዶ እጁን እንደነበር ያስታውሳሉ። አያቱ ወፍ ያድኑበት የነበረውን ጠመንጃ ይዞ ያፍር ነበር። «የሸለቆው ሰው ሁሉ ሚትራ እየሠራ እኔ የወፍ ጠመንጃ ልሸከም?» አለኝ። በዚያው በ1944 መከር ከፋብሪካው አንዷን ብረት በብረት አወጣሁለት። ሞላዋን ሹሩባዬ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ምላጮቹን ጫማዬ ውስጥ፣ ዘጊውን ብረት የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ውስጥ። ሰደፏን እሱ ራሱ ቀረጸ። አፈሙዙ ብቻ ነበር የቸገረን፤ የትም አይታጠፍም። እሱን ያሳለፈችልኝ ፓልሚራ ናት።

እህቴን ያውቋታል፣ ግን አያውቋትም። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯን የማበጥረው፣ ጥርሷ ሲነቀል ደሟን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ቦልዛኖ በሰው ቤት ስታገለግል ጀርመንኛ ለመደች፤ ፋብሪካው በዚያ የተነሳ የተቆጣጣሪው ቢሮ ወረቀት አመላላሽ አደረጋት። ሳቋ ሰው ያስቃል። ያን ቀን አፈሙዙን ቀሚሴ ውስጥ ጭኔ ላይ አስሬ፣ እንደ አንካሳ እየተራመድኩ በር ስደርስ፣ እሷ ዘበኛውን ይዛ በጀርመንኛ አንድ ነገር ነገረችው። ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። እኔ አለፍኩ። ምን አልሽው ብላት፣ «እህቴ ኪንታሮት ይዟት ነው እንዲህ የምትሄደው አልኩት» አለችኝ። በመንገድ ላይ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

በጃንዋሪ ፋውስቲኖ ታፋው ላይ ቆስሎ በሌሊት ወደ ቤት አመጡት። ቁስሉ አመረቀዘ። እርስዎም መጥተው አይተውታል፤ ሽታው እስከ ደረጃው ይሰማ ነበር። ሐኪም ልንጠራ አንችልም፤ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነው። ፓልሚራን ለመንኳት። «ከተቆጣጣሪው ቢሮ የቁስል መድኃኒቱን ዱቄት አምጪልኝ፣ የፈለግሽውን ዋሺ» አልኳት። ለተቆጣጣሪው የገዛ እግሯ እንደቆሰለ ነገረችው። እግሯን በእውነት ሰንጥቃ ነበር የሄደችው፤ በወጥ ቤት ቢላዋ፣ እኔው ፊት። ተቆጣጣሪው ዱቄቱን ሰጣት፣ በመኪናውም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አደረሳት። እሷም እያነከሰች፣ ጥቅሏን ይዛ ወረደች።

ዱቄቱን ለፋውስቲኖ ስነሰንስለት ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም። ከጀርመን እጅ መሆኑን ቢያውቅ እንደሚደፋው አውቃለሁ። በሳምንቱ ተነስቶ ሄደ። እርስዎ እመቤታችን ናት ያዳነችው ብለው ሻማ አበሩ።

በወሩ መጨረሻ ጀርመኖቹ አርበኞቹ የሚያድሩበትን ላይኛውን የከብት ቤት ከበው አቃጠሉት። አራት ሰው አለቀ። ጠቋሚ እንዳለ የታወቀ ነበር። ቅዳሜ ዕለት እርስዎ ለፋውስቲኖ ዳቦ ይዘው ተራራ ወጡ።

እማማ፣ ዋሽተዋል አልልም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ፓልሚራን ከጀርመን መኪና ስትወርድ አይተዋታል፤ በእጇም ጥቅል ነበር። ይህን ለእኔ ቢነግሩኝ ኖሮ በአንድ ቃል እመልስልዎት ነበር። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የሁለት ሰዓት ዳገት ወጥተው ለእሱ ከሚነግሩት፣ የእኔን በር ማንኳኳት ይቀል ነበር።

እሑድ ፓልሚራ ከቅዳሴ ስትወጣ ሁለት ሰዎች ወሰዷት። እህትሽ ትፈልግሻለች ብለዋት እየተጣደፈች እንደሄደች ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ሰኞ ጠዋት እንጨት ለቃሚዎች በበቅሎው መንገድ ዳር አገኟት። ደረቷ ላይ «ጠቋሚ» የሚል ወረቀት ነበር። ያጠብኳት እኔ ነኝ። አንዱ ጥይት በጉልበቷ ገብቷል፤ ሌላው በትከሻዋ። የቀሩት ሰባቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ለምን እንደዚያ ሆነ እያልኩ ሦስት ቀን አሰብኩ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ፋውስቲኖ መጣ። ሚትራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ። አላቀፈኝም።

«ከሌላ ሰው ሳትሰሚ እኔው ልንገርሽ» አለ። «እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላድርገው ቢል አልፈቀድኩም። የሚስቱ እህት ስለሆነች ምሯታል እንዳይሉ።»

ንግግሩን ቀጠለ። «እናቴ በዓይኗ አይታለች» አለ። «ጥቅሉ ምንድነው ብንላት ዱቄት ነው ብላ ዋሸች፣ ለማን እንደሆነ ስንጠይቃት አልናገርም አለች» አለ። ለማን እንደሆነ ያልተናገረችው እኔን ብላ ነው፤ ዱቄቱ ከየት እንደመጣ ፋውስቲኖ እንዳያውቅ አደራ ያልኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሚትራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በሁለተኛው ጥይት ላይ ተወተፈችብኝ» አለ። «በቢላዋ ፈልቅቄ እስካወጣው ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ስምሽን ትጠራ ነበር። ለእኔም ቀላል አልነበረም። ጥፍሯን እይልኝ፣ የተበላች ይመስለኛል።»

የዚያን ጊዜ ነገርኩት። ዱቄቱ ያንተ ነበር፣ በገዛ ታፋህ ላይ ነው ያለው፣ እኔ ነኝ የላክኋት አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ታፋው ላይ አሳረፈ። በዚያች ቅጽበት፣ እማማ፣ ቢያለቅስ፣ ወይም «ምን አደረግሁ» ቢል፣ እምልልዎታለሁ፣ ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፌ አብሬው አለቅስ ነበር። እሱ ግን ብዙ ካሰበ በኋላ ቀና ብሎ፣

«ጀርመን በነጻ መድኃኒት ይሰጣል እንዴ?» አለ። «አንድ ነገር ከፍላበታለች። ወይ ወሬ ሰጥታዋለች፣ ወይ ሌላውን።»

ከዚያ ሾርባ ካለ ጠየቀኝ።

ሾርባ ነበር። አቀረብኩለት። እሱ እየጠጣ እኔ ሚትራዋን ፈታሁ። ጥፍሯ በእርግጥም ተበልታለች። ከፋብሪካ ካወጣኋቸው ያልተጠናቀቀች አንዲት ቀርታኝ ነበር። በሞረድ ልኳን ሠራሁላት። በምድጃው ፍም ውስጥ ቀይ እስክትሆን አጋልኳት፤ የዘይቱ ጣሳ ውስጥ ነከርኳት። ቸስ አለች። አውጥቼ በጨርቅ ጠረግኋት። ከዚያ ምድጃውን በአመድ አዳፈንኩት።

ጓሮ ወጥቶ ወደ ገደሉ ሁለት ጊዜ ተኮሰባት። ሁለቱም ቀለሃዎች እየዘለሉ ወጡ። «አቤት እጅሽ!» አለና ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ በኋላ ጸደይ እስኪመጣ ሦስት ጊዜ ወርዷል። ሦስቱንም ጊዜ ሚትራዋን በሩ ጥግ አስደግፏት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ በመኝታዬ ተኝቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሾርባ አቅርቤለታለሁ። ጥይት ብርቅ ስለነበር ብዙ እንዳልተኮሰባት ራሱ ነግሮኛል። አንድ ቀን ሊወጣ ሲል «ቆይ» አልኩት። ዞር ብሎ «ምን?» አለኝ። የፓልሚራ ማበጠሪያ መስኮቱ ላይ ነበር። «ኮትህን ቆልፍ፣ ብርድ ነው» አልኩት።

የኤፕሪሉን እርስዎም ያውቁታል፤ ግን እዚያው የነበረው ጓደኛው ጄርቫሲዮ የነገረኝን ልንገርዎት። ጀርመኖቹ ሸለቆውን ይዘው ሲሸሹ እነ ፋውስቲኖ አራት ሆነው ድልድዩን ያዙ። ፋውስቲኖ ፊት ነበር። የመጀመሪያውን የጭነት መኪና አስቆመው። የኋለኛውን ምላጭ ይዞ አንድ ካዝና ጥይት ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ከተተ፤ ከዚያ ድምፁ ቋ ብሎ ቀረ። ጄርቫሲዮ ዞር ሲል ፋውስቲኖ ተንበርክኮ በቢላዋ ሲፈለቅቅ አየው። እየተሳደበ ነበር አለኝ፤ በኋላ ደግሞ መሳደቡን ትቶ ብረቱን አተኩሮ ያይ ጀመር አለኝ። ጥፍሯን ነው ያየው። ምን እንዳሰበ ጄርቫሲዮ አያውቅም።

ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አዎን። በጥይት ከተመታ በኋላ ጀርመኖቹ ወንዙ ዳር ጎትተው፣ እስኪሞት እስከ ማታ ትተውት ነበር። ሊያወጣው የሮጠው አንጆሊኖ አጠገቡ ተመትቶ ወደቀ። ሁለት ሴት ልጆች ያሉት አንጆሊኖ፣ ለማንም ክፉ ያልሠራ ሰው። ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ልብስ ታጥባለች። አንሶላ ስንጨምቅ አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን እኔ። ለፋውስቲኖ ብሎ እንደሞተ ትኮራለች። እኔ አንሶላውን አንሶላውን አያለሁ።

በሜይ ጀርመኖቹ ይኖሩበት በነበረው ትምህርት ቤት ወረቀት ተገኘ። ጠቋሚው ጨው ነጋዴው ነበር፤ ያ በየመንደሩ በአህያ የሚዞረው። ቀኑም፣ የከብት ቤቱም ስም፣ የተሰጠውም ስኳር ተጽፏል። ፓልሚራ በአንዱም ወረቀት ላይ የለችም። ጨው ነጋዴውን ገደሉት። እሷን ግን ማንም ስሟን አላነጻላትም። ዛሬም ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ያለ ስም፣ ያለ መስቀል ናት። ምክር ቤቱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። «አሁን ይህን ማንሳት ማንን ይጠቅማል? ባልሽን ነው የምታስነቅፊው» አሉኝ።

መሣሪያው ሁሉ ይመለስ ሲባል ጄርቫሲዮ የፋውስቲኖን ሚትራ ይዞ ፋብሪካ መጣ። ቦርቶሎ ፈታታት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። ከተሰበረችው ጥፍር የቀረችውን ቁራጭ በጉጠት አንስቶ በማጉያ መስታወቱ አያት፤ ስብራቷን፣ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጨውን። አርባ ዓመት ብረት ያየ ሰው ነው። ከዚያ እኔን አየኝ። ጄርቫሲዮ «ምን ነክቷት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ልክ እንደ እርስዎ።

ቦርቶሎ «አሮጌ ብረት» አለና የጥራጊ በርሜሉ ውስጥ ወረወራት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሥራ ካልሆነ አያናግረኝም። ፋብሪካው እንደገና ሚትራ መሥራት ጀምሯል፤ ለውጭ አገር ነው አሉ። እኔም ጥፍሩ ላይ ነኝ። ሁለቱንም እሳት እሰጣቸዋለሁ።

ምስክርነቱ ሁለት ገጽ ነው። በአንደኛው ፋውስቲኖ ድልድዩ ላይ ፊት ቆሞ እንደተዋጋና እንዳልሸሸ ጽፌያለሁ፤ እውነት ነው። በሁለተኛው ዱቄቱ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደላካት፣ ማንስ እንደገደላት አለ። ሁለቱም ላይ ፈርሜያለሁ። ለምክር ቤቱ ሳይሆን ለእርስዎ የላክሁት፣ ሁለተኛው ገጽ ከሥሩ የአንድ ሰው ፊርማ ስለጎደለው ነው፤ መኪናውን ያየ ሰው። ፈርመው ሁለቱንም ይላኩ፣ ወይም ሁለቱንም ያቃጥሉ። አንዱን ብቻ ከላኩ እኔ ራሴ ምክር ቤቱ ፊት ቆሜ የቀረውን እናገራለሁ፤ ያኔ ስለ ምድጃውም እናገራለሁ። በእኔ ላይ የሚመጣውን አስቤበታለሁ።

ስለ መሣሪያዋ ሰው ከጠየቀዎት ቦርቶሎ ያለውን ይበሉ። እርስዎ ግን መልስዎን አግኝተዋል።

ወፍራሙን የሱፍ ሻልዎን በጥቅል ልኬልዎታለሁ፤ ብል እንዳይበላው ፀሐይ አስመትቼዋለሁ። ለሳልዎ ማር በሙቅ ወተት ይውሰዱ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎት። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ ከልቤ ነው። ለራሴም የምለምነው እሱኑ ነው። ሁለታችን ቶሎ መገላገል አይገባንም።

እጅዎን እስማለሁ።

የፓልሚራ እህት